አራት ማንኪያ ከነምርቃቱ

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲያልፍ ፀሐይ የጓዳውን መስኮት ለቃ ወደ ሳሎኑ ትዞራለች። ያን ጊዜ በቤቱ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ዝግ ይላል። መጋረጃው እንደ ተኛ ሰው ደረት ቀስ ብሎ ይነፋል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከማንቆርቆሪያው አፍ የወጣው እንፋሎት የመጣበትን ጉዳይ የረሳ እንግዳ ይመስል ትንሽ አየር ላይ ቆሞ ያመነታና ይጠፋል። አባ ጨምር ይህን ሰዓት ይወዱታል። የሰባት ሳምንቱ የልጅ ልጃቸው ግራ ክንዳቸው ላይ ቀና ብሎ ተጋድሞ፣ አንገቱ ክርናቸው እጥፋት ውስጥ ገብቶ፣ ጡጦውን እንደ ትልቅ ሥራ ይዞታል። ይጠባል፣ ያርፋል፣ ያስባል። ምን እንደሚያስብ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ደግሞ ይቀጥላል።

«አይዞህ አለቃ፣ ማንም አይቀማህም» ይሉታል።

አለቃ ያሉት እሳቸው ናቸው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሲያዛቸው ስለሚውል ነው።

የእሳቸው ቅጽል ስም ግን የመጣው ከሱቅ ነው። በመንገዱ ጫፍ፣ ሁለት ደረጃ ወደ ታች ወርዶ፣ ሩዝና ምስር፣ ሽንብራና ዱቄት በስፍር የሚሸጡበት ጠባብ ሱቅ ነበራቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ቆመዋል። ሰፍረው ሲጨርሱ፣ የከረጢቱ አፍ ሳይታጠፍ፣ እጃቸው ወደ ጆንያው ይመለስና አንድ ጭብጥ ይዞ ይወጣል። ምርቃት ነው። ገዢው ተጫዋች ይሁን ነገረኛ፣ ያለ ምርቃት ከዚያ ሱቅ የወጣ ሰው የለም። ከየቤቱ የሚላኩ ልጆች ገና ደረጃውን ሳይወርዱ «አባ ጨምር» ብለው መጣራት ለመዱ፤ ከልጆቹ ወላጆቻቸው ወረሱት፤ በመጨረሻ የራሳቸው ሚስት ሳይቀሩ በዚሁ ስም ይጠሯቸው ጀመር። «አንተ አባ ጨምር፣ ለእኛ ቤት የሚተርፈው እኮ ጆንያው ብቻ ነው» እያሉ።

ሚስታቸው አረፉ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ አለ፣ ሱቁም ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ የነበሩት ጠዋቶች አንድ ዓይነት ነበሩ። ኮታቸውን ይለብሳሉ፣ ኮፍያቸውን ያደርጋሉ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ የሚሄዱበት እንደሌለ ትዝ ይላቸዋል። ኮቱ ይሰቀላል። ሬዲዮው ለራሱ ያወራል፣ እሳቸውም አልፎ አልፎ ይመልሱለታል።

ያላቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት። የምትሠራው መነጽር ቤት ነው፤ መስታወቱን በልክ እየቆረጠች ፍሬሙ ውስጥ ታስገባለች። ስትወልድ ታመመች። የታዘዘላት መድኃኒት ከጡት ወተት ጋር አይሄድም ተባለ። ሦስት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። በአራተኛው ቀን ተነስታ ፊቷን ታጠበች፣ የዱቄት ወተቱን ጣሳ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ የጀርባውን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበበች። ባሏ ሩቅ ቦታ መንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ አቧራ ለብሶ ይመጣል። አጭሩ የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ጊዜ አባቷ ቤት መጥታ ቁጭ አለችና መሬት መሬት እያየች፣

«ማቆያ አይቼለት ነበር» አለች።

«እኔ ምን ሆኜ ነው?»

«አባዬ፣ ሕፃን እኮ ሽንብራ አይደለም።»

«ሽንብራም ቢሆን አያያዙን ካላወቁበት ይነቅዛል።»

ሳቀች። ከወለደች ወዲህ ስትስቅ ሲያዩዋት የመጀመሪያው ነበር።

ሁለት ቀን አስተማረቻቸው። እጅ ይታጠባል፤ ጡጦውም ጫፉም ይቀቀላል። ውሃው ፈልቶ ትንሽ ይበርዳል እንጂ አይቀዘቅዝም። መጀመሪያ ውሃው እስከ መስመሩ ይቀዳል፣ ዱቄቱ ከዚያ በኋላ ነው። ከጣሳው ውስጥ የምትወጣው ትንሽ የላስቲክ ማንኪያ ትሞላለች፣ በቢላ ጀርባ አፏ እኩል ይላጫል። አራት ማንኪያ። ተከድኖ ይወዘወዛል፣ ቧንቧ ሥር ይበርዳል፣ የእጅ አንጓ ላይ ጠብ ተደርጎ ይሞከራል። እሳቸው ፈተና እንዳለበት ተማሪ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተከተሏት። በማግስቱ ፊቷ ሲሠሩ አራቱንም ማንኪያ እንደ ጠረጴዛ አስተካክለው ላጯቸው። «ከእኔ ትበልጣለህ» አለችና ሥራዋን ጀመረች።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ሳምንት አለፈ።

ልጁ ሲጠባ አባ ጨምር ነቅተው ያልማሉ። ዓይናቸው ከጡጦው አይነቀልም፤ አየር እንዳይገባበት ጎኑን ከፍ፣ ዝቅ ያደርጉታል። ሐሳባቸው ግን በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ወደሚንሳፈፈው ብናኝ ይሄዳል፤ ብናኙም ዱቄት ይሆናል፣ ዱቄቱም ሱቁን ይጠራል። ደረጃው እንደ ድሮው በእግር ተበልቶ መሃሉ ጎድጉዷል። ደንበኞቻቸው ተሰልፈዋል። አንዳንዶቹ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ግን ያ ነገር ከሰልፉ አላስቀራቸውም። ሁሉም ከረጢቱን አፉን ከፍቶ ይዟል። ማንም አይናገርም፣ ማንም አይቸኩልም። አባ ጨምር ይሰፍራሉ፣ ይመርቃሉ፣ ይሰፍራሉ፣ ይመርቃሉ፤ ከረጢቶቹ እየከበዱ፣ ሰዎቹ እየቀለሉ በደረጃው ላይ ወደ ብርሃኑ ይወጣሉ። በሰልፉ መጨረሻ ላይ ሚስታቸው ባዶ እጃቸውን ቆመው ይስቃሉ።

ከዚያ ልጁ ይጨርስና ያለቅሳል።

ይህ ነበር ያልገባቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠጥቶ፣ አግስቶ፣ ይተኛ ነበር። ኋላ ግን ጡጦውን ባዶ አድርጎ ከንፈሩን ይልሳል፣ አንገቱን እያዞረ ይፈልጋል። እሳቸው ርቦት ነው ብለው ከሰዓቱ ቀድመው ሌላ ይሠሩለታል። ያንንም ጠጥቶ ያለቅሳል። ዳይፐሩ እስከ ቀትር ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ሲያምጥ ፊቱ እንደ በርበሬ ይቀላል፤ የሚወጣውም እንደ ጠጠር ነው።

«ይኼ ልጅ ሆዱ በርሜል ነው» አሉ ለልጃቸው፣ ቀለል ለማድረግ።

እሷ አልሳቀችም። ልጁን ተቀብላ አንገቱን አሸተተች። «ቅዳሜና እሑድ ከእኔ ጋ እንዲህ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «እሑድ ማታ ይረጋጋል፣ ሰኞ ደግሞ ይጀምረዋል። እኔ ስሄድበት ነው። ጡት ነሳሁት፣ አሁን ደግሞ ገላዬንም ነሳሁት።»

«እንዲህ አይባልም።»

«ዓርብ ቀጠሮ አለው። ነርሷ ያው ነው ካለች ሥራውን እተዋለሁ። ለመነጽር ቤቱ ባለቤትም ነግሬዋለሁ።» የልጁን ኮፍያ አስተካከለች። «አንተም ትንሽ ታርፋለህ፣ አባዬ።»

እሷ ከወጣች በኋላ አባ ጨምር በሩ ጋ ቆመው ቀሩ። ማረፍ ያለችው ነገር ምን እንደሆነ እሳቸው ያውቁታል። አይተውታል። ኮት የተሰቀለበት፣ ሬዲዮ የሚያወራበት ነገር ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ መጡ። ከጎን ያለው በር የእሳቸው ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሱቁ ደንበኛ የነበሩ፣ ጥርሳቸው መሃል መርፌ ይዘው ማውራት የሚችሉ ሴት ናቸው። ወገቡ የጠበበ ሱሪ ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ገቡ።

«እንካ። ሁለት ጣት አስገብቼልሃለሁ። አንተ እየቀነስክ፣ ልጁ እያለቀሰ፣ እኔ ግድግዳ ለግድግዳ ሆኜ የሁለታችሁንም እሰማለሁ።»

«ተቀመጪና ያዢልኝ። ሰዓቱ ደርሷል።»

ልብስ ሰፊዋ ልጁን እንደ ውድ ጨርቅ ተቀበሉትና ጓዳው በር ላይ ካለው ወንበር ተቀመጡ። አባ ጨምር እጃቸውን ታጠቡ። ውሃውን ቀዱ፣ ጡጦውን ዓይናቸው ትክክል አንስተው መስመሩን አዩ። ጣሳውን ከፈቱ። አንድ፣ በቢላው ላጩ። ሁለት። ሦስት። አራት።

ልብስ ሰፊዋ ሳቁ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ የድሮ ወዳጅ መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው ነው የሳቁት።

«ምን አሳቀሽ?»

«እጅህ አልተወም ማለት ነው?»

«ምኑን?»

«ምርቃቱን።»

አባ ጨምር ወደ እጃቸው አዩ። እጃቸው ጣሳው ውስጥ ነበር። ማንኪያዋን እስከ ወገቧ ሞልቶ እየወጣ ነበር፤ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በሄደበት መንገድ። ቢላውን አልፈለገም። ምርቃት አይላጭም።

ልብስ ሰፊዋ ልጁን እቅፋቸው ውስጥ አስተካከሉት። 

«ሁልጊዜ ነው?» አሉ ልብስ ሰፊዋ፣ ሳቃቸው ሄዶ።

አባ ጨምር ወደ ኋላ ሄደው ሊያስታውሱ ሞከሩ፤ ትናንት፣ ከትናንት ወዲያ፣ የመጀመሪያው ሰኞ። ልጃቸው ፊት ሲሠሩ ፈተና ላይ ስለነበሩ እጃቸው አደብ ገዝቶ ነበር። ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ሐሳባቸው ወደ ልጁ፣ እጃቸው ወደ ጣሳው ይሄዳል። ያዩት ነበር? የራስን ትንፋሽ ሰው ያየዋል? አንዴ ብቻ፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ማንኪያዋ አምስተኛ ጊዜ ስትገባ እንዳዩ ትዝ አላቸው። «ላለቃማ አይሰሰትም» ብለው ነበር። ከአፋቸው ነው የወጣው። ጮክ ብለው ነው ያሉት።

ጡጦውን ማጠቢያው ላይ ደፉት። አጥበው፣ በፈላ ውሃ አለቅልቀው እንደገና ጀመሩ። አራተኛውን ማንኪያ ሲጨምሩ ቀኝ እጃቸው ተንቀሳቀሰ፤ በግራ እጃቸው አንጓውን ያዙት። እንደ ተያዘ ሌባ ትንሽ ታግሎ ተወ። ጣሳውን ከደኑት።

ልጁ ጠጣ። እንደ ወትሮው ጠባ፣ አረፈ፣ አሰበ። ሲጨርስ ግን ከንፈሩን አልላሰም። ዓይኑን አንድ ጊዜ ጣሪያው ላይ አንከራትቶ ቀስ በቀስ ከደነው። በትከሻቸው ላይ አገሳና እንደ እርጥብ ጨርቅ ረገበ።

«አሁን ገና ጠጣ» አሉ ልብስ ሰፊዋ።

«በዚህ ልጅ ደረት ላይ አሸዋ ስጭንበት ኖሬያለሁ።»

«አታጋንን። ልማድ ነው። ካሁን በኋላ ትተዋለህ፣ ልጁ ይድናል። እሷም ሥራዋን አትለቅም፣ አንተም አለቃህን ታቅፈህ ትኖራለህ። ዝም ካልክ ሁሉም በየቤቱ በሰላም ያድራል።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን አየሁ? ሱሪ ላደርስ ነው የመጣሁት።»

ማምሻውን ልጃቸው ስትመጣ ልጁ ተኝቶ ነበር። ከሥራ ስትወጣ ጣቷ ላይ የሚቀረው የመስታወት ብናኝ በመብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል። አባ ጨምር በቀን የሠሯቸውን ሦስት ጡጦዎች ታጥበው ተደፍተው አዩዋቸው፤ ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደረሰ።

«ዛሬ እንዴት ዋለ?»

«ዛሬ ደህና ነው የዋለው» አሉ። ውሸት አልነበረም። ውሸት አለመሆኑ ግን ምንም አልረዳቸውም።

ዓርብ ጠዋት ሦስቱም ጤና ጣቢያ ሄዱ። መጠበቂያው ክፍል ነጭ ሆኖ፣ ከፍ ያለ መስኮት ነበረው፤ እናቶች ልጆቻቸውን እየወዘወዙ ተቀምጠዋል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ዜማ የሌለው ነገር ያንጎራጉራሉ። ለአባ ጨምር ሰልፉ ከሱቃቸው ሰልፍ ጋር ተቀላቀለባቸው። እዚህም ማንም አይቸኩልም። እዚህም ሁሉም ክንዱ ውስጥ የሆነ ነገር ይዞ፣ ሰው እንዲመዝንለት ይጠብቃል።

ነርሷ ልጁን አስወልቃ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። መነጽሯ አንድ ጎኑ ጠሟል። ልጃቸው በዚያ ጭንቀት መሃል እንኳ ዓይኗን ከዚያ ጠማማ ፍሬም መንቀል አልቻለችም።

«ክብደቱስ ደህና ነው» አለች ነርሷ። ሆዱን በሁለት ጣት ጫን ጫን አደረገች፤ ልጁ ተንጨረጨረ። «ሆዱ ደርቋል። ስንት ጊዜ ይሸናል?»

ልጃቸው የጻፈችበትን ወረቀት አውጥታ አነበበች። ነርሷ ቅንድቧን ሰበሰበች።

«ወተቱን ማነው የሚሠራለት?»

«ማታና ቅዳሜ እሑድ እኔ። ቀን አባቴ ነው።»

«በልኩ ነው?»

ልጃቸው ወደ አባቷ ዞራ አየቻቸው። ከስንት ቀን በኋላ ፊቷ ላይ ኩራት ነገር ታየ። «አባዬ በልክ አይታማም። ዕድሜውን ሙሉ በስፍር የኖረ ሰው ነው። እንዲያውም ከእኔ የበለጠ ይጠነቀቃል።»

«ጥሩ።» ነርሷ ጻፈች። «እንግዲያው ደም ወስደን እናያለን። ምናልባት የወተቱን ዓይነት እንቀይራለን። አንቺ ሥራ ጀምረሻል አይደል?»

«ጀምሬያለሁ።» ድምጿ ወረደ። «ከዚያ ወዲህ ነው የባሰበት። እኔ ስሄድበት ነው፣ አይደል?»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አቆመች። መልሱ ገና አልመጣም ነበር። አባ ጨምር ያን አፍታ አዩት። ረጅም ነበር፤ መስኮቱ ጋ ያለው ብርሃን ሁሉ ሊያልፍበት የሚችል አፍታ ነበር። ዝም ቢሉ ያልፋል። ልጁ በሦስት ቀን ይድናል። ማንም አያውቅም። ልጃቸው ብቻ፣ ዕድሜዋን ሙሉ፣ ልጇ የታመመው ትታው ስለ ሄደች እንደሆነ ታውቃለች።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ሁለቱም ዞሩ።

«ምን፣ አባባ?»

«አራት ነበር የተባልኩት። አራት እሠራና ከላዩ እመርቅበታለሁ። ግማሽ ማንኪያ። አንዳንዴም ይበልጣል። ሁልጊዜ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ።» እጃቸውን አንስተው አሳዩ፤ እጁ ራሱ ምስክር ይመስል። «የሱቅ ልማድ ነው። ለደንበኛ እንደማደርገው።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልጮኸችም። «አባባ፣ የዚህ ልጅ ኩላሊት ገና እንዲህ ነው» አለች፣ የትንሽ ጣቷን ጫፍ እያሳየች። «ዱቄቱ ሲበዛ ሰውነቱ ያንን ለማውጣት የራሱን ውሃ ይጨርሳል። ይጠማዋል። ሲጠማው ያለቅሳል። ያለቀሰ ጊዜ እርስዎ ምን ሰጡት?»

«ያንኑ ጨመርኩለት።»

«ያንኑ ጨመሩለት።»

የልጁን ራስ ዳበሰች፣ እርግብግቢቱ ጋ ጣቷን አሳርፋ ቆየች፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀች፣ ምላሱን አየች። «ወደ ከባዱ አልደረሰም። ቢቆይ ግን ይደርስ ነበር። ደሙን አሁንም እወስዳለሁ፤ ጨው አለመብዛቱን ሳላይ አልለቃችሁም። ያዙልኝ።»

የያዙት አባ ጨምር ናቸው። ልጃቸው አልተንቀሳቀሰችም። ልጁ ተረከዙን ሲወጋ አንድ ጊዜ ትንፋሹን ሰብስቦ ጮኸ፤ ያ ጩኸት በአባ ጨምር አጥንት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥበት አገኘ።

ውጤቱ ከቀትር በፊት መጣ፤ ደህና ነው ተባለ። በልኩ ይጠጣ፣ ሰኞ ስልክ ደውላችሁ ንገሩኝ አለች ነርሷ። ልጃቸው ስትወጣ ዞር ብላ፣ «መነጽርሽን ስጪኝ» አለች። ክንፉን በሁለት ጣቷ ቀስ ብላ አቃናችላትና መለሰችላት። 

መንገዱ ላይ ልጇን ደረቷ ላይ አስራ ቀድማቸው ትሄድ ነበር። ዛፎቹ ጥላቸውን አስፋልቱ ላይ ጥለዋል፤ በጥላ ውስጥ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ትገባለች። አባ ጨምር ከኋላዋ በጉልበታቸው ፍጥነት ተከተሉ። መታጠፊያው ጋ ቆመች።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ በእኔ ነው ብዬ ሳለቅስ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ ነው ያወቅከው?»

ይህን ጥያቄ ፈርተውት ነበር። «ትናንት። ከሰዓት በኋላ።»

«ትናንት ማታ መጥቻለሁ።»

«መጥተሻል።»

«ደህና ዋለ ነው ያልከኝ።»

«እሱስ ደህና ነበር የዋለው።» ወደ ልጁ አዩ። «ትወስጅብኛለሽ ብዬ ነው።»

ልጃቸው ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። መስታወት ላይ ጭረት ስትፈልግ እንዲህ ነው የምታየው። ከዚያ ወደ ራሷ ቤት በሚወስደው መንገድ ታጥፋ ሄደች።

ቅዳሜ ፀሐይ በሰዓቷ ወደ ሳሎኑ ዞረች። ወንበሩን ባዶ አገኘችው፤ አባ ጨምር አልጋው ጠርዝ ላይ ነበሩ። እሑድም እንዲሁ። መጋረጃው ነፋ፣ ወረደ። ማንቆርቆሪያው ቀዝቃዛ ነበር። ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ሱቁ መጣ፤ ሰልፉ ግን አልነበረም። ጆንያዎቹ አፋቸው ታስሯል። እሳቸውም እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ደረጃውን ቀና ብለው ያያሉ፤ ከላይ ብርሃን ብቻ ይወርዳል። ልብስ ሰፊዋ በግድግዳው አንኳኩ። «አለህ?» አሉ። «አለሁ» አሉ። 

ሰኞ በሁለት ሰዓት በሩ ተከፈተ። ልጃቸው ልጁን አንድ እጇ ላይ፣ ትልቅ ቦርሳ ሌላው እጇ ላይ ይዛ ገባች። ቦርሳውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። የሥራ ልብሷን አልለበሰችም።

«የሳምንት ፈቃድ ወስጃለሁ» አለች። «ሥራውን አልለቀቅኩም። እዚህ እውላለሁ።»

«እሺ።»

«አንተ ትሠራለህ፣ እኔ አያለሁ።»

«እሺ።»

«እያንዳንዱን።»

«እያንዳንዱን እይ» አሉ። ልጁን ከእጇ ሲቀበሏት ግን እጁን እያወራጨ ኮሌታቸውን ይዞባቸው ነበርና ፊታቸውን ማዞር አልቻሉም።

የጠዋቱን ጓዳው በር ላይ ቆማ፣ እጇን አጣምራ አየች። አራት። የአራት ሰዓቱን ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አየች። አራት። «አትፍራ» አለች፤ «ሰው ገደልክ አላልኩህም።» የቀትሩን ሶፋው ላይ ሆና፣ አንገቷን አስረዝማ አየች። አራት። ልጁ ጠጥቶ ተኛ፤ ዳይፐሩን ስትቀይር እርጥቡን እጇ ላይ መዘነችው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲያልፍ ፀሐይ ወደ ሳሎኑ ዞረች፣ ቤቱም ዝግ አለ። ልጁ ሲነቃነቅ አባ ጨምር ብድግ አሉ። ሶፋው ላይ ልጃቸው እግሯን ሰብስባ፣ ጉንጯን መዳፏ ላይ አድርጋ ተኝታለች። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ከወለደች ጀምሮ እንዲህ ስትተኛ አላዩዋትም። ሊቀሰቅሷት ስሟን ሊጠሩ አሉ፤ እያንዳንዱን እይ ብለዋታል። ቆመው አመነቱ። ብርሃኑ እግሯ ላይ ነበር፤ ቀስ ብሎ ወደ ጉልበቷ እየወጣ ነበር።

ጓዳ ገቡ። እጃቸውን ታጠቡ። ውሃውን ቀድተው መስመሩን አዩ። አንድ፣ ላጩ። ሁለት። ሦስት። አራት። እጃቸው ጣሳው አፍ ላይ ቆመ። ያየ ሰው አልነበረም። ክዳኑን አንስተው ገጠሙትና መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ አሳረፉ፤ እጃቸው እስኪረጋጋ እዚያው ቆዩ።

ልጁ ጠባ። አረፈ። አሰበ። ሲጨርስ ትከሻቸው ላይ አንስተው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት፤ እንደ ትልቅ ሰው አገሳ።

ከሶፋው ላይ፣ ዓይኗ ሳይከፈት፣ ከእንቅልፏ ግርጌ የመጣ ድምፅ፣

«ስንት?» አለ።

«አራት።»

ልጃቸው ጎኗን ቀይራ፣ እግሯን ዘርግታ እንቅልፏን ቀጠለች።